የአስከሬን ማቆያ እና የቀብር አገልግሎት ድርጅት፦ አስከሬኑ በማን ኃላፊነት ሥር ነው?

ጥያቄ፦ «አባቴ ሐኪም ቤት በገቡ በሁለተኛው ቀን በድንገት ዐረፉ። አስከሬናቸው በሐኪም ቤቱ የአስከሬን ማቆያ ይገኛል። ያነጋገርነው የቀብር አገልግሎት ድርጅት ‹ዛሬውኑ ወደ እኛ እናምጣቸው፤ ማቆያ መድኃኒት ካልተወጉ አይቆዩም› ይለናል። ሐኪም ቤቱ ደግሞ የሞቱን ምክንያት የሚያሳይ የአስከሬን ምርመራ ሳይደረግ አንሰጥም ብሏል። እኅቴ ከውጭ አገር እስክትደርስ ዐሥር ቀን ያህል መጠበቅ አለብን። ሁለቱም አስከሬን የሚያስቀምጡ ከሆነ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ምርመራውን አንፈልግም ማለትስ እንችላለን? የትኛውን እንመን?»

መልስ፦ ሁለቱም ማቀዝቀዣ ስላላቸው አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ይመስላል፤ ማቀዝቀዣው ግን ከነገሩ ሁሉ ትንሹ ነው። ዋናው ልዩነት አስከሬኑን በማን ስም ይዘውታል የሚለው ነው። የአስከሬን ማቆያ አስከሬን የሚይዘው በሐኪም ቤቱ ወይም በሕግ አካል ስም ሲሆን፣ የሟቹን ማንነት የማረጋገጥና የሞቱ ምክንያት እንዲታወቅ የማድረግ ግዴታ አለበት። የቀብር አገልግሎት ድርጅት ግን አስከሬን የሚይዘው በቤተሰቡ ስም፣ ቤተሰቡ በፈረመው ውል መሠረት ነው፤ ግዴታውም ሥርዓተ ቀብሩ ቤተሰቡ በፈለገው መንገድ እንዲፈጸም ማድረግ ነው። ስለዚህ በእርስዎ ጉዳይ ሐኪም ቤቱና ድርጅቱ የተቃረኑ ቢመስልም አንዱ ከሌላው የሚቀጥል ሥራ ነው የያዙት፤ የመጀመሪያው ሳይጨርስ ሁለተኛው ሊጀምር አይገባም።

በማቆያው ውስጥ የሚከናወነው ሥራ ለቤተሰብ ስለማይታይ አስከሬኑ ዝም ብሎ የተቀመጠ ይመስላል። አስከሬን ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ምዝገባ ነው። ስሙ፣ የካርድ ቁጥሩ፣ ሞቱ የተረጋገጠበት ሰዓት፣ ያመጣው ክፍል ወይም ሰው፣ በላዩ የተገኘው ልብስ፣ ቀለበት፣ ገንዘብና ሰነድ ሁሉ በመዝገብ ይሰፍራል። መለያው በእጅ አንጓ ወይም በቁርጭምጭሚት ላይ ይታሰራል፤ አስከሬኑ በተጠቀለለበት ጨርቅ ወይም ከረጢት ላይም ይደገማል። በማቀዝቀዣው በር ላይ የተለጠፈ ስም ብቻውን መለያ አይደለም፤ አስከሬን ከአንዱ መደርደሪያ ወደ ሌላው ሲዛወር በሩ ላይ ያለው ስም እዚያው ሊቀር ይችላልና። አስከሬን የሚቀያየረውም ከዚህ በመነጨ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት ሟቾች በአንድ ቀን ሲገቡ ደግሞ አደጋው ይጨምራል። በደንብ የሚሠራ ማቆያ ማንኛውንም አስከሬን ከማውጣቱ በፊት ቢያንስ ሁለት መለያዎችን፣ ለምሳሌ ሙሉ ስምና የካርድ ቁጥር፣ በአስከሬኑ ላይ ካለው ምልክት ጋር ያመሳክራል።

ማንነትን ማረጋገጥ የእነዚህ ተቋማት ጥንታዊ ሥራቸው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በፓሪስ ከተማ ከኖትርዳም ካቴድራል ጀርባ የነበረው ማቆያ ማንነታቸው ያልታወቀ ሟቾችን በመስታወት ውስጥ እያስቀመጠ አላፊ አግዳሚው አይቶ እንዲለያቸው ያደርግ ነበር፤ ለሕዝብ ክፍት መሆኑ የቀረው በ1907 ነው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ዛሬ በዓይን አይቶ መለየት ብቻውን በቂ ተደርጎ አይታመንም። ከሞት በኋላ የፊት ጡንቻ ይላላል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ አንዳንዴም ያብጣል፤ ሐዘን ላይ ያለ ሰው ደግሞ የራሱን ሰው «አይደለም» ሊል፣ የሌላውን «ነው» ብሎ ሊቀበል ይችላል። ለዚህም ነው ዓለም አቀፉ የፖሊስ ድርጅት ኢንተርፖል ብዙ ሰው ባለቀባቸው አደጋዎች ሟቾችን ለመለየት በሚከተለው መመሪያ የጣት አሻራን፣ የጥርስን ሁኔታና ዲኤንኤን ዋና መለያዎች አድርጎ የሚቀበለው። በእርስዎ ጉዳይ አባትዎ ተኝተው በታከሙበት ቤት ስላረፉ ማንነታቸው አያከራክርም፤ ቢሆንም ከቀብር በፊት ከቤተሰቡ አንድ ሰው ፊታቸውን እንዲያይ አጥብቄ እመክራለሁ።

አሁን ወደ መቆየቱ ጉዳይ እንምጣ፤ ድርጅቱ የነገራችሁ ነገር ትክክል ያልሆነው እዚህ ላይ ነውና። ልብ ከቆመ በኋላ ሰውነት ቀስ በቀስ ወደ አካባቢው ሙቀት ይወርዳል። ደም መዘዋወሩን ስለሚያቆም በስበት ወደ ታችኛው የሰውነት ክፍል ይጠራቀምና ቆዳው ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ቀለም ያወጣል። በጀርባ ለተኛ ሰው ይህ ቀለም በጀርባውና በጭኑ ኋላ ላይ ይታያል፤ ብዙ ቤተሰብ ገላ ሲያጥብ ይህን አይቶ «ተደብድቧል» ብሎ ይደነግጣል፣ ነገር ግን በሞተ ሰው ሁሉ ላይ የሚጠበቅ ለውጥ ነው። ጥርጣሬው ካልለቀቃችሁ መርማሪውን ሐኪም ጠይቁ፤ በምርመራ ከእውነተኛ የጉዳት ምልክት መለየት ይቻላል። ጡንቻዎችም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መገተር ይጀምራሉ፣ ከሞት ዐሥራ ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ሙሉ በሙሉ ይገተራሉ፣ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መልሰው ይላላሉ። ይህ ሁሉ ገና መበስበስ አይደለም።

መበስበስ የሚመጣው ከሁለት አቅጣጫ ነው። አንደኛው የሰውነት ሕዋሳት በራሳቸው ኢንዛይም መፈራረሳቸው ሲሆን፣ ሁለተኛውና ፈጣኑ ሰው በሕይወት ሳለ በአንጀቱ ውስጥ በሰላም የሚኖሩት ባክቴሪያዎች የሚከለክላቸው አጥተው መባዛታቸው ነው። የመጀመሪያው አረንጓዴ ቀለም ብዙ ጊዜ በሆድ ታችኛው ቀኝ በኩል የሚታየው፣ ባክቴሪያ የበዛበት የትልቁ አንጀት መነሻ እዚያ ላይ ለቆዳው ቅርብ ስለሆነ ነው። ቅዝቃዜ ሁለቱንም ሂደቶች ያዘገያል፤ አያቆማቸውም። የተለመደው የማቆያ ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን፣ አስከሬኑ ከሞት በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከገባና ሙቀቱ ሳይቋረጥ ከተጠበቀ ዐሥር ቀን ማቆየት የሚቻል ነው። እርግጥ ነው ከንፈርና የጣት ጫፍ ይደርቃሉ፣ ቆዳው ይገረጣል ወይም ይጠቁራል፣ ዓይን ይሰረጉዳል። ሟቹ ከመሞቱ በፊት ከባድ የደም ኢንፌክሽን ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ከነበረበት፣ ሰውነቱ በጣም ወፍራም ከሆነ ወይም ወደ ማቀዝቀዣው ሳይገባ ብዙ ሰዓት ከቆየ ለውጡ ይፈጥናል። ስለዚህ «ስንት ቀን ይቆያሉ?» ለሚለው ጥያቄ አስከሬኑን በየቀኑ የሚያየው ባለሙያ የሚሰጠው መልስ ከማንኛውም ጥቅል ቁጥር ይበልጣል።

ከዜሮ በታች፣ ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ድረስ የሚያቀዘቅዙ ማቆያዎችም አሉ። እነዚህ መበስበስን እስከ ማቆም ያደርሱታል፤ የሚያገለግሉት ግን ማንነታቸው ላልታወቀ ሰዎችና ወራት ለሚፈጁ ጉዳዮች ነው። ለምሳሌ በእንግሊዝ የዘርፉ ተቆጣጣሪ አካል መመሪያ አስከሬን ወደ በረዶ ማቆያ መዛወር ያለበት ከ30 ቀን በኋላ፣ ሁኔታው ካስገደደም ከዚያ ቀደም ብሎ መሆኑን ያመለክታል። ለዐሥር ቀን ብሎ አስከሬንን በረዶ እስኪሆን ማቀዝቀዝ ጉዳት አለው፤ በሕዋሳቱ ውስጥ የሚፈጠረው በረዶ ሽፋናቸውን ይቀድዳል፣ ቀልጦ ለቀብር እስኪደርስ ቀናት ይፈልጋል፣ ከቀለጠ በኋላም የሚበላሸው በረዶ ካልሆነው ይልቅ በፍጥነት ነው። ማንም «በረዶ ቤት እናስገባቸው» ቢላችሁ አትስማሙ።

ድርጅቱ «መድኃኒት መውጋት» ያለው ኢምባልሚንግ የሚባለውን ሥራ ነው። ቤተሰቦች እንደ አንድ መርፌ አድርገው ያስቡታል፤ በእውነቱ ግን ከቀዶ ሕክምና የሚቀራረብ ሥራ ነው። ብዙ ጊዜ በአንገት ሥር ያለው ደም ቅዳ ይከፈትና ፎርማልዲሃይድ የሚባል ኬሚካል ያለበት በርካታ ሊትር ፈሳሽ በግፊት ይገባል፤ በዚያው አካባቢ ባለው ደም መልስ በኩል ደሙ ይወጣል። ከዚያም ረዥም ሹል ቱቦ በሆድ በኩል ገብቶ በደረትና በሆድ ዕቃ ውስጥ ያለውን ፈሳሽና ጋዝ ይመጥጣል፣ በምትኩም ጠንከር ያለ ኬሚካል ይፈስበታል። ፎርማልዲሃይድ የሰውነትን ፕሮቲኖች እርስ በርስ አስተሳስሮ ያጠነክራል፣ ባክቴሪያዎችንም ይገድላል። በጥሩ ባለሙያ ሲሠራ የፊት ቀለምና ቅርጽ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ያለ ማቀዝቀዣ እንዲጠበቅ ያደርጋል። ለዘለዓለም ግን አያቆይም። የሠራተኞቹ ደኅንነትም የሚታሰብበት ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ፎርማልዲሃይድን በሰው ላይ ካንሰር የሚያመጣ ብሎ የፈረጀው በ2004 ሲሆን፣ በቂ የአየር ማስወጫ በሌለው ክፍል ይህን ሥራ የሚሠራ ድርጅት ሠራተኞቹን እየጎዳ ነው።

ስለዚህ «ካልተወጉ አይቆዩም» የሚለው አነጋገር ትክክል የሚሆነው ማቀዝቀዣ በሌለበት ወይም አስከሬኑ ለረዥም ሰዓት ከማቀዝቀዣ ውጭ በሚሆንበት ጊዜ ነው። በአውሮፕላን ወደ ሌላ አገር የሚሄድ አስከሬን ብዙ ጊዜ ኢምባልም እንዲደረግና በታሸገ፣ ውስጡ በዚንክ በተለበጠ ሣጥን እንዲሆን ይጠየቃል፤ የእርስዎ ጉዳይ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የምትጓዘው እኅትዎ እንጂ አስከሬኑ አይደለም። ይህ አገልግሎት ገቢ የሚያስገኝ ስለሆነ ግዴታ አስመስሎ ማቅረብ በዘርፉ የቆየ ችግር ነው። በአሜሪካ ከ1984 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የቀብር አገልግሎት ደንብ ድርጅቶች ዋጋቸውን በየአገልግሎቱ ዘርዝረው እንዲሰጡ የሚያስገድደው፣ ሕግ ሳያዝ «ኢምባልሚንግ በሕግ ግዴታ ነው» እንዳይሉም የሚከለክለው በዚህ ምክንያት ነው። በሃይማኖታቸው ምክንያት ይህን ሥራ የማይቀበሉ ቤተሰቦችም አሉ፤ ድርጅቱ ሳይጠየቅ እንዳይሠራው አስቀድሞ በጽሑፍ መግለጽ ይገባል፤ አንዴ ከተሠራ አይመለስምና።

በእርስዎ ሁኔታ ደግሞ ከሁሉ የሚከብድ ሌላ ምክንያት አለ። ምርመራ የሚጠብቅ አስከሬን ኢምባልም ሊደረግ አይገባም። ፈሳሹ ደሙን ያስወጣል ወይም ያቀጥናል፤ በውስጡ ሜታኖልና ሌሎች አልኮሎች ሊኖሩ ስለሚችሉ በሰውነት ውስጥ አልኮል ወይም መርዝ መኖር አለመኖሩን ለማወቅ የሚደረገውን ምርመራ ያዛባል፤ ፎርማልዲሃይዱም ከአንዳንድ መርዞችና መድኃኒቶች ጋር ተዋህዶ ይለውጣቸዋል፣ ዲኤንኤንም ይጎዳል። በሆድ የሚገባው ቱቦ የሚተወው ቀዳዳ በሕይወት ሳሉ ከደረሰ ጉዳት ጋር ሊምታታ ይችላል። አንድ ቤተሰብ በጥድፊያ ይህን አስደርጎ ከሳምንት በኋላ «አባታችን በምን እንደሞቱ ማወቅ እንፈልጋለን» ሲል የሚመልስለት ነገር የጠፋ ማስረጃ ሆኖ ያገኘዋል፤ ይህን ለቤተሰብ መንገር በሙያችን ውስጥ ከሚከብዱ ንግግሮች አንዱ ነው።

ምርመራውን እምቢ ማለት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። መልሱ ምርመራውን ባዘዘው አካል ይወሰናል። ሐኪሞቹ የበሽታውን ምንነት በተሻለ ለመረዳት ወይም ለትምህርት ሲሉ የሚጠይቁት ምርመራ የቅርብ ቤተሰብን ፈቃድ ይፈልጋል፤ መከልከል፣ ወይም «ይህን አካል ብቻ» ብሎ መገደብ መብታችሁ ነው። በፖሊስ፣ በዐቃቤ ሕግ፣ በፍርድ ቤት ወይም ለዚህ በተሾመ ባለሥልጣን የታዘዘ የፎረንሲክ ምርመራ ግን በአጠቃላይ የቤተሰብን ፈቃድ አይጠብቅም። እንዲህ ያለው ትእዛዝ የሚመጣው ሞቱ በአደጋ፣ በጥቃት፣ በመመረዝ ወይም በጥበቃ ሥር ሳለ ሲደርስ ነው፤ ምክንያቱ ሳይታወቅ በድንገት ሲሆንም እንዲሁ። ሐኪም ቤት ከገቡ ብዙም ሳይቆዩ በድንገት ማረፍ በብዙ አገሮች ጉዳዩ ለባለሥልጣን እንዲነገር የሚያደርግ በቂ ምክንያት ነው፤ በእናንተ ወይም በሐኪሞቹ ላይ ክስ አለ ማለት አይደለም። ስለዚህ ነገ ጠዋት መጠየቅ ያለባችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምርመራውን ያዘዘው ማን ነው? የትእዛዙን ደብዳቤ ማየት እንችላለን?» የሚለው ነው። ትእዛዙ የሕግ አካል ቢሆንም እንኳ ሃይማኖታዊ ሥጋታችሁን አስመዝግቡ፤ በአንዳንድ ስፍራ ከውጭ በማየትና በሲቲ ስካን ብቻ መልስ ማግኘት ይቻላል፣ የመርማሪውን ተራ ማፋጠንም አንዳንዴ ይሳካል።

ብዙ ሰው ምርመራ ማለት አስከሬኑ ተበላሽቶ ይወጣል፣ ለቀብርም አይታይም ብሎ ይፈራል። ይህ ፍርሃት የሚጠበቅ ቢሆንም መሠረት የለውም። ምርመራው ብዙውን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። የሚከፈተው ደረትና ሆድ ሲሆን፣ ራስ መከፈት ካለበት ቁርጡ ከጆሮ ጀርባ ተነሥቶ በፀጉር ውስጥ ያልፋል። ሁሉም ተሰፍቶ ይዘጋል፤ ልብስ ሲለብሱ ወይም ሲገነዙ አይታይም፣ ፊትም አይነካም። የውስጥ አካላቱ ወደ ሰውነቱ ይመለሳሉ፤ ለማይክሮስኮፕና ለመርዝ ምርመራ የሚወሰደው ትንሽ ናሙና ነው። ሙሉ አካል የሚቀር ከሆነ ቤተሰቡ ማወቅ አለበት፤ ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት በግልጽ ጠይቁ።

የቀብር አገልግሎት ድርጅት የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። አስከሬኑን ያጓጉዛል፣ በቤተሰቡ ፍላጎት ያጥባል፣ ይገንዛል ወይም ያለብሳል፣ ሣጥን ያቀርባል፣ የቀብር ቦታና ሰዓት ያስይዛል፣ ወረቀቶችን ይከታተላል፣ ሥርዓቱን ይመራል። ቤተሰብን ከብዙ ሩጫ የሚያሳርፍ የተከበረ ሥራ ነው። የማይችለው ነገር ግን አለ፤ የሞትን ምክንያት አይወስንም፣ የመልቀቂያ ወረቀት ሳይኖር አስከሬን አያወጣም፣ ቤተሰቡ ሳይፈቅድም በአስከሬኑ ላይ ምንም አይሠራም። ሁሉም ድርጅቶች የራሳቸው ማቀዝቀዣ እንደሌላቸውም ማወቅ ይገባል፤ «ወደ እኛ እናምጣቸው» የሚለው ድርጅት ከሌላ ተከራይቶ ሊያስቀምጣቸው ወይም ያለ ማቀዝቀዣ ኢምባልሚንግን ብቻ ተማምኖ ሊያቆያቸው ይችላል። ማቀዝቀዣ ክፍሉን አሳዩን ማለት ነውር አይደለም። የሙቀት መዝገብ በየቀኑ ይያዝ እንደሆነ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ይኖር እንደሆነ ጠይቁ፤ በዚህ ጥያቄ የሚቆጣን ድርጅት ተዉት።

አስከሬን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍባት ሰዓት ከሁሉ የበለጠ ጥንቃቄ ትፈልጋለች። የሚወጣው በመልቀቂያ ወረቀት፣ በሞት ምስክር ወረቀትና መብት ባለው የቤተሰብ አባል ፊርማ ነው። ከመካከላችሁ አንድ ሰው ብቻ ወክሉ፤ ሁለት ወንድሞች ለሁለት ድርጅት የፈረሙባቸው ጉዳዮች መጨረሻቸው አያምርም። የተወከለው ሰው በርክክቡ ላይ ይገኝ፣ በእጅ ወይም በእግር ላይ ያለውን መለያ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር፣ ፊታቸውን ይይ፣ ንብረታቸውን በዝርዝር ተቀብሎ ይፈርም። መለያው እስከ ቀብር ድረስ መፈታት የለበትም። አባትዎ በደረታቸው ፔስሜከር የሚባለው የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ ካለ ለሁለቱም ወገን ንገሩ፤ አስከሬን በሚቃጠልበት ሥርዓት ባትሪው ስለሚፈነዳ አስቀድሞ መውጣት ያለበት ነው፣ በመቃብር ለሚቀበር ግን ይህ ሥጋት የለም።

ስለ ተላላፊ በሽታ የሚነሣውን ፍርሃት በአጭሩ ላንሣ። አስከሬን በራሱ ወረርሽኝ አያመጣም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ደጋግሞ ገልጿል። እንደ ኢቦላና ኮሌራ ባሉ በሽታዎች የሞተን ሰው ግን ቤተሰብ በራሱ ማጠብ የለበትም። ሐኪሙ ይህን ካላስጠነቀቃችሁ በጓንትና በጥንቃቄ ማጠብ ትችላላችሁ።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። አባትዎ ባሉበት ማቆያ፣ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይቆዩ። ኢምባልሚንግ አታስደርጉ፤ መርማሪው ሥራዬን ጨርሻለሁ ብሎ በጽሑፍ እስኪለቅ ድረስ ለድርጅቱም ምንም አትፈርሙ። ምርመራው ካለቀ በኋላ ማቆያው ቦታ ካጣበበባችሁ ብቻ ማቀዝቀዣውን በዓይናችሁ ወዳያችሁት ድርጅት አዛውሯቸው። እኅትዎ ልትደርስ ሁለት ቀን ሲቀራት ባለሙያው አስከሬኑን አይቶ ያለበትን ሁኔታ እንዲነግራችሁ ጠይቁ፤ ለውጡ ከፈጠነ ቀብሩን ከማዘግየት ይልቅ ጉዞዋን ማፋጠን ይሻላል፣ ፊታቸውን የምታየውም ሌላው ቤተሰብ አስቀድሞ ካየና ምን እንደሚጠብቃት ከነገራት በኋላ ይሁን። የማይክሮስኮፕና የመርዝ ምርመራ ውጤት ከቀብሩ ሳምንታት ዘግይቶ ይመጣል፤ ስለዚህ የመልቀቂያ ወረቀቱን በምትቀበሉበት ዕለት የመጨረሻው ውጤት በማን እጅ እንደሚሰጥ፣ በየትኛው መዝገብ ቁጥር እንደሚጠየቅ አስጽፋችሁ ያዙ።